«ባክ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል፤ ተመሳሳዩ፣ ተቃራኒውና አገባቡ

እንግሊዝኛ መማር ከጀመርንበት ጊዜ አንሥቶ የምናውቀው ቃል ስለሆነ፣ ስለ «ባክ» መጻፍ ቀለም ማባከን የሚመስለው አንባቢ አይታጣም። እኔም እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን አንድ ጊዜ ለዕረፍት ደጀን ከወላጆቼ ቤት ሳለሁ፣ ፈተናው በሁለት ቀን «ብሮት ፎርዋርድ» ሆኗል የሚል ማስታወቂያ መውጣቱን ሰማሁ። «ፎርዋርድ» ማለት ወደ ፊት ነው፤ ወደ ፊት ማለት ደግሞ ገና የሚመጣው ጊዜ ነው ብዬ፣ ሁለት ቀን የተጨመረልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። እናቴም «እሰይ ልጄ፣ እንግዲያው በዓሉን ከኛ ጋር ትውላለህ» አለችኝ። በዓሉን ውዬ ከትምህርት ቤቱ ስደርስ ፈተናው አልፎ ነበር። ስሕተቱ የማስታወቂያው ሳይሆን የኔው ስለ ነበረ፣ ሌላው እንዳይደግመው የ«ፎርዋርድ» ተቃራኒ ከሆነው ከ«ባክ» ጀምሬ ነገሩን እገልጻለሁ።

1. ስም ሲሆን። «ባክ» ጀርባ ወይም ኋላ ማለት ነው። ተመሳሳዩ «ሪር»፣ ተቃራኒው «ፍሮንት» ነው። «ፍሮንት» የመጣው የሰውን ግንባር ከሚያመለክት የላቲን ቃል ነው፤ አማርኛም የሰውን ግንባርና የጦርን ግንባር በአንድ ቃል ይጠራል። ከግንባሩ ኋላ ሆኖ ለርዳታ የሚጠብቀው ጦር ደጀን ይባላል፤ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለችው ከተማችንም በዚሁ ቃል ትጠራለች።

እዚህ ላይ «ባክ»ን ከ«ቢሃይንድ» መለየት ያስፈልጋል። ከአውቶቡሱ ውስጥ በኋለኛው ወንበር የተቀመጠ ሰው «ባክ» ላይ ነው፤ «ቢሃይንድ» ያለው ግን ከአውቶቡሱ ውጭ ነው። እኅትህ ከዓባይ ወደ ደጀን የመጣችው «ቢሃይንድ ዘ ባስ» ነው ብለህ ከጻፍህ፣ ያን ሁሉ ዳገት በእግሯ አስወጣሃት ማለት ነው።

2. ግሥ ሲሆን። «ቱ ባክ» ማለት መደገፍ፣ ደጀን መሆን ነው። ተመሳሳዩ «ሰፖርት»፣ ተቃራኒው «ኦፖዝ» ነው። ነገር ግን ተከታዩ ቃል ትርጉሙን ይለውጠዋል። «ባክ አፕ» መደገፍ ሲሆን፣ «ባክ አውት» ከገቡበት ስምምነት መውጣት፣ «ባክ ዳውን» ደግሞ ከያዙት አቋም ማፈግፈግ ነው።

3. ከግሥ ጋር ሲነገር። «ካም ባክ» ተመልሶ መጣ፣ «ጎ ባክ» ተመልሶ ሄደ ማለት ነው። ብዙዎቻችን «ሪተርን ባክ» እንላለን። «ሪተርን» ራሱ መመለስ ስለሆነ «ባክ» መጨመር አያስፈልገውም።

4. ስለ ጊዜ ሲነገር። ዋናው ወጥመድ ይህ ነው። አማርኛ ጊዜን እንደ ሰልፍ ይቆጥራል። ቀድሞ ያለፈው «በፊት» ነው፤ ተከትሎ የሚመጣው «በኋላ» ነው። እንግሊዝኛው «ባክ» ሲል ግን ሰውዬው ፊቱን ወደሚመጣው ጊዜ አዙሮ የቆመ ያህል ነው፤ ያለፈው ዘመን ከጀርባው ይቀራል። ስለዚህ «ቱ ይርስ ባክ» ከሁለት ዓመት በኋላ ሳይሆን ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ተመሳሳዩ «አጎ» ሲሆን፣ ለደንበኛ ጽሑፍ የሚመረጠውም እርሱ ነው። እንዲሁም በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የተመረቀው «ባክ ኢን 2008» ነው ቢባል፣ ያለፈውን ጊዜ ያመለክታል፤ ይኸውም በኛ አቆጣጠር 2000 ዓ.ም. ነው።

ቀጠሮ ሲዛወር ግን ነገሩ ይገለበጣል። «ፑት ባክ» የተባለ ቀጠሮ ዘግይቷል፤ «ብሪንግ ፎርዋርድ» የተባለው ቀድሟል። ምክንያቱን ለመረዳት፣ ቀጠሮው ፊት ለፊታችን ወደኛ የሚመጣ መንገደኛ ነው እንበል። መንገደኛው ወደ ፊት ቢራመድ ይቀርበናል፤ ወደ ኋላ ቢል ይርቀናል። የኔም ፈተና ወደኔ ቀርቦ ሳለ እኔ ራቀ ብዬ በዓል ዋልሁ።

መልመጃ። የሚከተሉትን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ።
ሀ) ከሦስት ወር በፊት ደጀን ነበርሁ።
ለ) ስብሰባው ከሰኞ ወደ ዓርብ ተላለፈ።
ሐ) ጓደኞቹ ደጀን ሆኑት።
መ) ከአውቶቡሱ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥን።

በአራቱም ላይ «ባክ» ሊገባ ይችላል፤ ትርጉሙ ግን በየቦታው ልዩ ነው። እንግዲህ ተማሪ ሁሉ አንድ ቃል ሲያጠና ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን ከነአረፍተ ነገሩ ይያዝ። ማስታወቂያ የምንጽፍም «ባክ» ወይም «ፎርዋርድ» ብለን ከመተው ቀኑን ራሱን ብንጽፍ፣ አንድ ተማሪ ከፈተና እንዳይቀር እናደርጋለን።