«ቆንጆ ነው» ብቻ ለሚባል ሙዚቃ

ጥያቄ፦ ሙያዬ ፋርማሲስት ነው። ማታ ማታ በኮምፒውተር ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ ክላሲካል ሙዚቃ እደርሳለሁ። ጓደኞቼ «ቆንጆ ነው» ከማለት አያልፉም። የሚጠቅም አስተያየት እንዴት ላግኝ?

መልስ፦ ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ቦሮዲንም እንደ እርስዎ ሌላ ሙያ ነበረው፤ ኬሚስት ነበር፤ ሙዚቃ የሚደርሰውም ከሥራው በሚተርፈው ጊዜ ነበር። የመጀመሪያ ሲምፎኒውን ሲጽፍ የሙዚቃ ደራሲው ባላኪሬቭ እየተከታተለ ይተቸው ነበር፤ በ1869 እ.ኤ.አ. ኦርኬስትራውን የመራለትም እሱው ነው።

የእርስዎን ጓደኞች ግን ይሉኝታ ይዟቸዋል። ስለዚህ «እንዴት ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ «ከ24ኛው ባር በኋላ ዜማው ይሰለቻል?» ይበሉ። ከድምፁ ጋር ኖታውንም ይስጧቸው።

ከሁሉ በላይ ግን ለአንድ ቫዮሊን ተጫዋች ያሳዩት። ኮምፒውተር እምቢ ማለት አያውቅም። በተለመደው ቅኝት ቫዮሊን ከወፍራሙ የሶል ክር ድምፅ በታች አይወርድም፤ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ግን ከዚያ በታች ያለውንም ሊያጫውትልዎ ይችላል። ደጋኑ የት መመለስ እንዳለበት፣ የትኛው ዝላይ ለጣት እንደሚያስቸግር ተጫዋቹ ወዲያው ይነግርዎታል። ይህን ከየትኛውም መጽሐፍ አስበልጣለሁ።

የሌሎችን ሥራ ሲሰሙም ባሩን ጠቅሰው ይናገሩ፤ ጣዕምዎን አይጫኑባቸው። ለእርስዎ ለሚሰጥዎ አስተያየት ሁሉ ደግሞ አይታዘዙ። ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ አንድ ቦታ ላይ ከተሰናከሉ ግን ያንን ቦታ እንደገና ይጻፉት።