ከአሮጌ ኮምፒውተር ፋይል ለማውጣት የትኛው ተርሚናል ይሻላል?

ዊንዶውስ 3.1 የተጫነበት ኮምፒውተር ዩኤስቢ አያውቅም፤ ኔትወርክ ካርድ ያለውም ጥቂቱ ነው። ፍሎፒ ድራይቩ ከተበላሸ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ሰነድ እዚያው ተቀረቀረ ማለት ነው። ከጀርባው ያለው ሲሪያል ፖርት ግን ብዙውን ጊዜ ደህና ስለሆነ በእሱ በኩል ማውጣት ይቻላል።

መጀመሪያ ነል ሞደም የሚባለውን ገመድ ያግኙ፤ የመላኪያና የመቀበያ ሽቦው (2ኛውና 3ኛው ፒን) የተሻገረ ነው። ተራው ገመድ መልኩ ያው ስለሆነ ሲገዙ በቴስተር ያስፈትሹት። ላፕቶፕዎ ሲሪያል ፖርት ከሌለው ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር አዳፕተር ይጨምሩ።

ሁለቱንም አጥፍተው ገመዱን ይሰኩ። ሲነሱ በሁለቱም ላይ ተርሚናል ፕሮግራም ከፍተው ፍጥነቱን 9600፣ ዳታ ቢቱን 8፣ ስቶፕ ቢቱን 1 ያድርጉ፤ ፓሪቲና ፍሎው ኮንትሮል «ነን» ላይ ይሁኑ። ፍሎው ኮንትሮሉን ኤክስኦን/ኤክስኦፍ ላይ ከተዉት 17 እና 19 ቁጥር ያላቸውን ባይቶች እንደ ትእዛዝ ቆጥሮ ስለሚውጣቸው ኤክስሞደም የሚባለው የፋይል መላኪያ ስልት መሀል ላይ ይቆማል። በአንዱ ኪቦርድ የጻፉት በሌላው ስክሪን ላይ ከወጣ መሥመሩ ሠርቷል። ዝም ካለ ገመዱን ወይም የኮም ፖርቱን ቁጥር፣ ዝብርቅርቅ ምልክት ካመጣ ፍጥነቱን ይፈትሹ።

አሁን ወደ ምርጫው። ከዊንዶውስ 3.1 ጋር የሚመጣው «ተርሚናል» ዋና ጥቅሙ እዚያው መገኘቱ ነው። ከ19200 በላይ አይሄድም፤ የሚያውቀውም ኤክስሞደምንና ከርሚትን ብቻ ነው። ዋርድ ክሪስተንሰን እ.ኤ.አ. በ1977 የሠራው ኤክስሞደም ፋይሉን በ128 ባይት እየቆረሰ ይልካል፤ ለእያንዳንዱ ቁራሽ «ደርሶኛል» ካልተባለ ቀጣዩን አይለቅም። የፋይሉን ስም አይልክም፤ የመጨረሻውንም ቁራሽ 128 እስኪሞላ በትርፍ ባይት ይሞላዋል። ይህን ፕሮግራም የተሻለውን ለማስገባት ብቻ ይጠቀሙበት።

የተሻለው ቴሊክስ ወይም ራሱን የቻለ የከርሚት ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውስ 95 ከሆነ ሃይፐርተርሚናል አብሮት አለ። ቴሊክስና ሃይፐርተርሚናል ዜድሞደምን ይችላሉ። ዜድሞደም መልስ ሳይጠብቅ በተከታታይ ይልካል፤ ብዙ ፋይል ከነስሙ ያስተላልፋል፤ ቢቋረጥም ካቆመበት መቀጠል ይችላል። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በ1981 የተጀመረው ከርሚት ቀርፋፋ ነው ይባላል። ስሙን ያጠፋው ሳይነኩት ሲተዉት በ94 ባይት ፓኬት መሥራቱ ነው፤ በሁለቱም ወገን ፓኬቱን 1000 ሲያደርጉት ያለ ጥርጥር ይነቃል።

የእኔ ፍርድ፦ ፖርቱ ጥሩ ከሆነ ዜድሞደም፣ ባይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ከርሚት። ፖርቱን ለማወቅ ከዶስ ኤምኤስዲ የሚባለውን የምርመራ ፕሮግራም አስነሥተው ኮም ፖርትስን ይክፈቱ። የፖርቱ ቺፕ 8250 ከሆነ የሚይዘው አንድ ባይት ብቻ ስለሆነ 9600 ላይ ይቆዩ። 16550 ግን 16 ባይት ስለሚይዝ 115200ን ይሞክሩበት። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ አንድ ባለ1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ የሚሞላ ፋይል በ9600 ወደ 26 ደቂቃ፣ በ115200 ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

ለመላክ ፋይሎቹን በፒኬዚፕ አንድ ላይ ያሽጉ። በላፕቶፑ ላይ ቴራ ተርምን ከፍተው (በነፃ ይገኛል) ከፋይል ሜኑ ትራንስፈር፣ ዜድሞደም፣ ሪሲቭ ይበሉ፤ ከዚያ በቴሊክስ ፔጅ አፕን ተጭነው ፋይሉን ይምረጡ። በዊንዶውስ 3.1 «ተርሚናል» ከሆነ «ሴንድ ባይነሪ ፋይል» የሚለውን እንጂ «ሴንድ ቴክስት ፋይል»ን አይንኩ።

የአማርኛ ሰነድ ካለዎት የሚከተለው ይበልጥ ይመለከትዎታል። ዩኒኮድ ፊደላችንን በ1999 ከማካተቱ በፊት የተጻፈው የሚነበበው በተጻፈበት ፎንት ብቻ ነው፤ ፎንቱን ከዊንዶውስ ሲስተም ፎልደር አብረው ያውጡ፣ አለዚያ ሰነዱ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ያያሉ። ዚፑን ላፕቶፑ ላይ ፈትተው ሰነዶቹን አንድ በአንድ ከፍተው ሳያነቡ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ፎርማት እንዳያደርጉት።