ትዕግሥት ተስፋን ስትወልድ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ልብ ጽናት ነው። መነሻችን ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የላከው መልእክት አምስተኛው ምዕራፍ ነው። ሐዋርያው እዚያ ላይ አራት ነገሮችን በተራ አሰልፏል፤ መከራ፣ ትዕግሥት፣ ፈተና፣ ተስፋ። አንዱ ሌላውን ይወልዳል። ፈተና ማለቱም ተፈትኖ መገኘትን ነው። ልብ በሉ፤ ተስፋ የመጣችው በመጨረሻ ነው።

እኛ ግን ይህን ተራ ብዙ ጊዜ ገልብጠን እንይዘዋለን። «መጀመሪያ ተስፋ ላግኝ፣ ከዚያ እነሣለሁ። መጀመሪያ ልቤ ይርጋ፣ ከዚያ ትምህርቱንም ንግዱንም እቀጥላለሁ» እንላለን። ተስፋው እስኪመጣ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ ዓመቱ ይሄዳል። ሐዋርያው የሚያስተምረን ሌላ ነው። ተስፋ የትዕግሥት ልጅ ናት እንጂ እናቷ አይደለችም። የዕለቱን ሥራ በጨለመ ልብም ቢሆን የጀመረ ሰው ተስፋን መንገድ ላይ ያገኛታል።

ይህን ትምህርት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሆኖ መማር ከባድም ቀላልም ነው። ከባድ የሚሆነው ቁስሉ ገና ስላልሻረ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በሁለቱም ከተሞች ላይ ደረሰ። መንግሥት ከተሞቹ መመለሳቸውን እስካስታወቀበት እስከ ኅዳር 27 ድረስ የቻለ ሰው ልጁን አዝሎ ወጥቷል፣ ያልቻለ ቤቱን ዘግቶ ቀርቷል። የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ተዘረፈ። ይህ ሳይበቃ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የአጎዋ የንግድ ዕድል ወጣች። በፓርኩ ልብስ ሰፍተው ቤተሰብ ለሚረዱ ወጣት ሴቶች ነገሩ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነ።

ቀላል የሚሆነው ደግሞ ምሳሌው እጃችን ላይ ስላለ ነው። ሆስፒታሉ ወደ ሥራ የተመለሰው የጎደለው ሁሉ ተሟልቶለት አይደለም። የተበተነው ተለቅሞ፣ ክፍሉ ተጠርጎ፣ በተገኘው ዕቃ ነው የጀመረው። ለሐኪሞቹና ለነርሶቹ ተስፋ ቀድማ የመጣችላቸው አይመስለኝም። በሽተኛው በር ላይ ቆሟል፤ ሥራው ይጠብቃል፤ ጀመሩት።

ትዕግሥት ምን እንደሆነች ከማየታችን በፊት ምን እንዳልሆነች እንይ። ትዕግሥት ዝም ማለት አይደለችም፤ አለማልቀስም አይደለችም። የትዕግሥት አባት የምንለው ጻድቁ ኢዮብ መጽሐፉ 42 ምዕራፍ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ሀብቱን፣ ልጆቹንና ጤናውን አጥቶ እግዚአብሔርን ያመሰግናል። ከሦስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ግን አፉን ከፍቶ የተወለደባትን ቀን ይረግማል፣ ይሟገታል፣ መልስ ይጠይቃል። ወዳጆቹ በበኩላቸው «ሳትበድል ይህ አይደርስብህም» እያሉ ለእግዚአብሔር የተከራከሩ ይመስላቸዋል። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? በወዳጆቹ ላይ ነው። ስለ እርሱ ቅን ነገር የተናገረው ኢዮብ መሆኑንም መሰከረለት። እንግዲህ በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ «ለምን?» እያለ የሚያለቅስ ሰው ትዕግሥቱን አላጣም። የሚያጣው ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ ነው።

እዚህ ወሎ ይህን ትምህርት ብቻችንን አልያዝነውም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ኢዮብን ነቢዩ አዩብ ይሉታል፤ የሶብር፣ የትዕግሥት፣ አብነታቸው ነው። አጎት ሼህ፣ የእኅት ልጅ ዲያቆን በሚሆንበት አገር ልቅሶ ቤት አንዱ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ»፣ ሌላው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ሲል፣ ኀዘንተኛው ሁለቱንም አሜን ብሎ ይቀበላል። በዚህ በልቅሶ ነገር የኢዮብ ወዳጆችም አንድ ጊዜ ደግ ሠርተዋል። መጀመሪያ እንደ ደረሱ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ መሬት ላይ አጠገቡ ተቀምጠዋል። ጥፋታቸው የጀመረው መናገር ሲጀምሩ ነው።

ጽናት ማለት ሥጋን መርሳት የሚመስላቸው ምእመናንም አሉ። ለእነርሱ የነቢዩ ኤልያስ ታሪክ፣ አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19፣ በቂ ትምህርት ነው። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ አውርዶ ድል ባደረገ ማግስት የኤልዛቤል ዛቻ ደረሰው። ፈራ፤ ወደ በረሃ ሸሸ፤ ከአንድ ዛፍ ሥር ተጋድሞ ሞቱን ለመነ። መልአኩ መጣ። አልገሠጸውም፤ «እምነትህ የት ሄደ?» አላለውም። ቀሰቀሰውና እንጎቻና ውኃ ሰጠው። ኤልያስ በልቶ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ ቀሰቀሰው፤ አሁንም አበላው። ወደ ኮሬብ የሚወስደውን የአርባ ቀን መንገድ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የእግዚአብሔር ቅደም ተከተል እንዲህ ነበር፤ ምግብ፣ እንቅልፍ፣ ከዚያ ተልእኮ።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ሌሊት የሚባንኑ፣ በር ሲንኳኳ ልባቸው የሚመታ፣ ከሰው የተለዩ እናቶችና ልጆች በመካከላችን አሉ። ዛሬም በክልላችን ሰላሙ ሙሉ አይደለም። እንዲህ ያለችውን እናት «ጸሎት ስለቀነስሽ ነው» ማለት ከኢዮብ ወዳጆች ጋር መቆጠር ነው። ትጸልይ፣ ጠበልም ትጠመቅ፤ ሐኪም ዘንድም ትሂድ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የጀመረ ሰው ጠበል ገባሁ ብሎ በራሱ እጅ አያቋርጥ፤ ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒት ማቋረጥ ብዙዎችን ጎድቷል።

አሁን ጽናት እንዴት እንደሚገኝ እንመልከት። «እኔ እንዲህ አልተፈጠርኩም» የሚል ሰው ካለ ቅኔ ቤት ሄዶ ይይ። ገና ጢሙ ያላቀነቀነ ልጅ እናት አባቱን ትቶ ይመጣል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በአንድ እጁ ለውሻ ዱላ ይዞ ቁራሽ ይለምናል። ሲነጋ ከጓደኞቹ ተለይቶ ሜዳ ላይ ይቀመጥና ቅኔ ይቆጥራል። መጀመሪያ የሚማራት ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት። ሁለቱን ቤት ለመሙላት ግን ቀኑን ሙሉ ግሥ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ ያፈርሱበታል፤ ወይ ሰዋስው ስቷል፣ ወይ ቤት አልመታም፣ ወይ ሰሙና ወርቁ አልተገናኙም። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል፤ ነገ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። መምህሩ አያሞካሹትም፤ አያባርሩትምም። ልጁ የሚያስበው አንድ ቀን ወንበር ተክሎ፣ ጉባኤ ዘርግቶ ማስተማርን ነው። ከእርሱ የሚጠየቀው ግን ዛሬ ሁለት ቤት ብቻ ነው። ታላቅ ዓላማ የሚያደክመን አብዛኛውን ጊዜ ታላቅ ስለሆነ አይደለም። የዛሬውን ሁለት ቤት ትተን የነገውን ወንበር ስለምንሸከም ነው።

ከእንዲህ ያለ ልጅነት የወጡ ሊቃውንት አገር አቅንተዋል። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ የትምህርት ማዕከል ሆነ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እዚሁ አፍንጫችን ሥር በቦሩ ሜዳ መምህር አካለ ወልድ ወንበር ዘርግተው ትውልድ አስተምረዋል። ደሴ ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስማቸው ይጠራል። ተማሪዎቹ በየዕለቱ በዚያ ስም ሥር ያልፋሉ፤ የሰውየውን ታሪክ ግን ስንቱ እንደሚያውቅ እንጃ። መምህራን ይህን ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል።

«ታላቅ ነገር መመኘት ትዕቢት አይሆንብንም ወይ?» ብለው የሚጠይቁ ወጣቶች አሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱን የመክሊቱ ምሳሌ ይሰጠናል። አምስት የተቀበለው አምስት አተረፈ፤ ሁለት የተቀበለው ሁለት አተረፈ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ምስጋና ተቀበሉ። የተወቀሰው አንዷን የቀበረው ነው፤ ምክንያቱም ፍርሃት እንደ ነበር በራሱ አፍ ተናግሯል። ያጠፋው ነገር የለም፤ ከነበረው ላይ አልቀነሰም። ግን ፈርቶ ቀበረ። ትዕቢት «ይህ ሁሉ ከእኔ ነው» ማለት ነው እንጂ የተሰጠንን ይዞ ወደ ገበያ መውጣት አይደለም።

የደቡብ ወሎ ልጅ የሆነችውን ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤን ለዚህ አብነት አድርጌ አነሣታለሁ። በአማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይነ ስውር ሆነች። በገጠር በዚያ ዘመን ዓይኑ የጠፋ ልጅ ዕጣው ምን እንደ ነበረ እናውቃለን። እርሷ ግን ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠረች፤ አዲስ አበባ መጥታ ተማረች፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ ጠበቃ ሆነች፤ በማኅበራዊ ሥራም ሁለተኛ ዲግሪ ያዘች። ለአካል ጉዳተኞች መብት በመሟገቷ በ2017 እ.ኤ.አ. አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለች። ዓይነ ስውርነቷ ከልጅነት ጋብቻ እንዳዳናትና የትምህርት በር እንደከፈተላት በአደባባይ ደጋግማ ተናግራለች። እኔ ግን ይህን ታሪክ ስናገር አንድ ነገር እንዳይረሳ እፈልጋለሁ። አብሯት የቆመ ቤተሰብ ነበረ፤ የተቀበላት ትምህርት ቤት ነበረ። በሩ ባይከፈት የእርሷ ጥንካሬ ብቻውን የት ያደርሳት ነበር?

ስለዚህ ጽናትን የምናስተምር ሁሉ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ሕዝቡ ትዕግሥት አጥቶ አይደለም። እህል አጥቶ ነው፤ መከራውን መናገር የነበረባቸውም ስለሸሸጉት ነው። ለተራበ ሰው ስለ ትዕግሥት ሰብኮ ባዶ እጁን መሸኘት በትምህርተ ሃይማኖታችን ኃጢአት ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በሁለተኛው ምዕራፍ ልብስና የዕለት ምግብ ያጣውን ወንድም በመልካም ቃል ብቻ የሚያሰናብት ሰው እምነቱ የሞተ መሆኑን ጽፏል። ትዕግሥትን ለራሴ አዘዋለሁ፤ ለባልንጀራዬ ግን አስቀድሜ እንጀራ አቀርባለሁ።

ወደ ተማሪዎቻችን ልምጣ። የ2013 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲሰጥ የእኛ አካባቢ ልጆች በጦርነቱ ምክንያት ከእኩዮቻቸው ጋር አልተቀመጡም፤ በሁለተኛ ዙር ነው የተፈተኑት። በ2014ቱ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016ቱም 5.4 ከመቶ። ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላይ የሚወድቅበትን ፈተና ወድቆ «እኔ ደንቆሮ ነኝ» ብሎ ራሱን የሚጥል ልጅ ፍርዱ ትክክል አይደለም። የወደቀው እርሱ ብቻ ሳይሆን ያስተማርነው ሁላችን ነን። ቢሆንም ቀጣዩ ፈተና ይመጣል፤ መቀመጥ አለበት።

ለዚህ ልጅ ከሐረጎ ቁልቁለት ሹፌሮች የተሻለ መምህር አላውቅም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል። ጭነት የያዘ ሹፌር ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ልውረድ ካለ ፍሬኑ ይነድና መታጠፊያው ላይ እምቢ ይለዋል። ልምድ ያለው ገና ከላይ ማርሹን ቀንሶ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው አድርጎ ዝግ ብሎ ይወርዳል፤ ፍሬኑን ለሚያስፈልገው ቦታ ያቆየዋል። ፈተና ሲቀርብ ሌሊቱን ሙሉ ቡና እየጠጣ የሚያነብ ልጅ ፍሬኑን እያነደደ ነው። ከመስከረም ጀምሮ በየማታው አንድ ሰዓት የሂሳብ ጥያቄ የሚሠራ፣ የሚተኛ፣ ሰንበትን የሚያርፍ ልጅ ማርሽ ቀንሷል።

አንድ ልመና አለኝ። በደሴና በኮምቦልቻ አጥቢያዎች ያላችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አመራሮችና የእድር ዳኞች፣ አዳራሾቻችሁ ከሰኞ እስከ ዓርብ ማታ ማታ ተዘግተው ያድራሉ። ክፈቷቸው። መብራት፣ ወንበርና የ12ኛ ክፍል መጻሕፍት አስገቡበት፤ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል በሳምንት አንድ ቀን የሚያስጠና በጎ ፈቃደኛ ፈልጉ። ፈተና ወድቀው ቤት የዋሉትን ልጆች ስም ከየሰፈሩ ሰብስቡና ሄዳችሁ ጥሯቸው፤ ራሳቸው እስኪመጡ አትጠብቁ። የሚመጣው ልጅ ማተብ ያሰረም ይሁን ኮፍያ ያደረገ አንድ ወንበር ይሰጠው። ከመጪው ሰኞ ጀምሩ።