የመጨረሻውን ኮሚት «ማረም» ሲባል በእርግጥ የሚሆነው ምንድን ነው?

ፕሮግራም በጋራ የሚጽፉ ተማሪዎች የሥራቸውን እያንዳንዱን እርከን መዝግቦ የሚይዝላቸው ሶፍትዌር ያስፈልጋቸዋል። ለዚህ ተግባር እጅግ ከተስፋፉት አንዱ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረው ጊት ነው። በጊት የተመዘገበ አንድ እርከን ኮሚት ይባላል። ጊት ጉዊ በተሰኘው ባለመስኮት መገልገያው ላይ ደግሞ የመጨረሻውን ኮሚት ለማረም የሚያስችል ምርጫ እናገኛለን።

ይህን ምርጫ በመጀመሪያ የሚጠቀም ሰው ሁለት ያልጠበቃቸው ነገሮች ይገጥሙታል። አንደኛ፣ አስቀድሞ የመዘገባቸው ለውጦች ለምዝገባ በተዘጋጁት ፋይሎች ዝርዝር ውስጥ ተመልሰው ይታያሉ። ሁለተኛ፣ የታረመውን ሥራ ወደ ጋራው ሰርቨር ሲልክ ሰርቨሩ አልቀበልም ሊለው ይችላል። ሁለቱም የሶፍትዌሩ ስሕተት አይደሉም።

ምክንያቱን ለመረዳት የኮሚትን መለያ እንመልከት። የፋይሎቹ ይዘት፣ የቀዳሚው ኮሚት መለያ፣ የጸሐፊው ስም፣ ጊዜውና መግለጫው በአንድነት ይሰላሉ። በተለመደው ሻ-1 በተባለው ስሌት ውጤቱ 160 ቢት ሲሆን፣ በ40 ሄክሳዴሲማል ምልክቶች ይጻፋል። ከመግለጫው አንዲት ፊደል ብትለወጥ መለያው ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ኮሚት ባለበት አይታረምም፤ በሌላ ይተካል እንጂ።

ሀ፣ ለ እና ሐ የተባሉ ተከታታይ ኮሚቶች አሉን እንበል። ሐን ስናርም መ የተባለ አዲስ ኮሚት ይፈጠራል፤ ቀዳሚውም ሐ ሳይሆን ለ ነው። መገልገያው ንጽጽሩን ከለ ጋር ስለሚያደርግ የሐ ለውጦች እንደገና ይዘረዘራሉ። ከዝርዝሩ አንዱን ፋይል ብናስወጣ፣ ፋይሉ በዲስካችን ላይ እንዳለ ቢቆይም ለውጡ በመ ውስጥ አይካተትም።

ሐ ቀድሞ ተልኮ ከነበረስ? መ የሐ ተከታይ ስላልሆነ ሰርቨሩ አይቀበለውም። በግድ መላክ ይቻላል፤ ነገር ግን የሥራ ባልደረባችን በሐ ላይ ሠን ጨምሮ ልኮ ከሆነ፣ የእርሱ ድካም ከጋራው ቅርንጫፍ ይወገዳል።

የተተካው ሐ ወዲያው አይጠፋም። ሬፍሎግ የተባለው የጊት የውስጥ መዝገብ፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ፣ ለ30 ቀናት ያህል ስለሚያስታውሰው እስከዚያ ድረስ መልሰን ልናገኘው እንችላለን።

ከዚህ የምናገኘው ደንብ አጭር ነው፦ ገና ያልላክነውን ኮሚት እንረም፤ ከሌሎች እጅ የገባውን ግን በአዲስ ኮሚት እናስተካክል።