ትምህርት ቤት ሲዘጋ የቤት ትምህርት እንዳይዘጋ



መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ሕመም ወደ ሀገራችን መግባቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 7 ቀን፣ በመላው ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ፤ በሮቻቸው ቀስ በቀስ መከፈት የጀመሩት በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ነበር። በእነዚያ ሰባት ወራት ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ትምህርት በራዲዮ ይተላለፍ ነበር። ነገር ግን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር ራዲዮ የሌለበት፣ ራዲዮ ቢኖርም የባትሪ ድንጋይ የሚገዛበት ገንዘብ የሚቸግረው ቤት ጥቂት አይደለም። ከስምንተኛ ክፍል በታች የነበሩ ልጆችም የዓመቱን ማጠቃለያ ፈተና ሳይወስዱ ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛወሩ።

መከራው በዚህ አላበቃም። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ነፋስ መውጫ ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ከተነሣው ግጭት ወዲህም ብዙ ትምህርት ቤቶች ዳግመኛ ተዘጉ። በ2012 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የነበረ የ7 ዓመት ልጅ በ2018 ዓ.ም. 13 ዓመት ይሞላዋል። ይህ ልጅ የክፍሉ ቁጥር ከፍ ቢልለትም አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቦ መረዳት ካልቻለ የጎደለው ነገር ከፊቱ ያለውን ትምህርት ሁሉ ይዘጋበታል። ስለዚህ በዚህ ጥናታችን የምንመለከተው ጥያቄ አንድ ነው፤ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ጊዜ ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል? መልሱም አጭር ነው፤ ጥቂት ትምህርት፣ በየቀኑ፣ በታወቀ ሰዓት። ማስተማር የማይችል ወላጅ ቢኖር እንኳ ማዳመጥ ይችላል።

1. የመጀመሪያው መምህር

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ ወላጆች የልጆቻቸው የመጀመሪያና ዋነኛ አስተማሪዎች መሆናቸውን አስተምሯል። ይህ ትምህርት ሥሩ በቅዱስ መጽሐፍ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያመሰግን አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ያነሣል (2ጢሞ 1፥5)። ሙሴም የእግዚአብሔርን ቃል ለልጆች ስለ ማስተማር ሲናገር አራት ጊዜያትን ይጠቅሳል፤ በቤት ሲቀመጡ፣ በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ (ዘዳ 6፥7)። ልብ እንበል፤ ከእነዚህ ከአራቱ አንዱም የተለየ ሕንፃ አይፈልግም።

2. ከአካባቢያችን አባቶች የምንማረው

የጋይንት ምድር ለዚህ ሥርዓት እንግዳ አይደለም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የድጓ ምስክር የሆነው ቤተ ልሔም፣ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር የሆነው ዙር አምባም የሚገኙት በዚሁ ምድር ነው። በአብነት ትምህርት ቤት የንባብ ትምህርት በቀን ብርሃን ይካሄዳል፤ የቃል ትምህርት ግን መብራት ስለማይሻ በማታ ይሰጣል። ቀድሞ የተማረው ታላቅ ልጅ ታናሹን ያስቀጽላል፤ የዛሬው ሳይጸና የነገው አይጀመርም። በቤተ ክርስቲያናችን የምናከብረው ብፁዕ ገብረ ሚካኤልም ያደገው በዚሁ በአብነት ትምህርት ነው። እንግዲህ የምንመክረው ሥርዓት ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ በደጃችን ያለውን ወደ ቤታችን እናስገባው ማለታችን ነው።

3. የቀኑ ሥርዓት

ሲነሡ። ከጠዋት ጸሎት በኋላ፣ ከብት ሳይሰማራ፣ ሩብ ሰዓት ለንባብ ትሰጥ። ጀማሪው ልጅ ከፊደል ገበታ አንድ ወይም ሁለት ቤት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ይቁጠር። ልጆች ፊደሉን ሳያዩ በቃል መውረድ ስለሚችሉ ፊደል ያልቆጠረች እናት እንዲህ አድርጋ ትፈትን፤ በጭራሮ ከመካከል አንዱን ፊደል ትንካና ስሙን ትጠይቅ፤ ሌሎችንም አዘዋውራ ከጠየቀች በኋላ ወደ መጀመሪያው ትመለስ። ልጁ ለዚያው ፊደል ሌላ ስም ከሰጠው ገና አላወቀውም ማለት ነው። ንባብ የጀመረው ደግሞ ከመማሪያ መጽሐፉ አምስት መስመር ያንብብ፤ ከዚያም መጽሐፉን ዘግቶ ያነበበውን በራሱ አነጋገር ይንገር። መናገር ካቃተው ዳግመኛ ያንብብ።

በመንገድ ሲሄዱ። እረኝነት የስሌት ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። ልጁ ጠጠር ሰብስቦ ይደምር፣ ይቀንስ፣ እኩል ይክፈል፤ የማባዣ ሰንጠረዡንም በቃሉ ይውረድ። አባት ከገበያ ሲመለስ፣ «አንድ ጣሳ ባቄላ በዚህ ዋጋ ከተሸጠ ሦስት ጣሳ ስንት ያወጣል? ከዚያ ላይ ጨው ብንገዛ ስንት ይተርፈናል?» ብሎ ይጠይቅ። የእርሻውን ወርድ በክንድ መለካትም መልካም ልምምድ ነው።

በቤት ሲቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ቡና እስኪፈላ ድረስ የጽሕፈት ጊዜ ይሁን። ልጁ በዕለቱ ስላየው ወይም ስለ ሠራው ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ደብተር ካለቀ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በከሰል፣ ወይም በመሬት ላይ በተነሰነሰ አመድ በጣት መጻፍ ይቻላል። ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ትመልከተው፣ ታርመውም።

ሲተኙ። ማታ እሳት ዳር የቃል ትምህርት ነው። እንቆቅልሽና ተረት የልጅን አእምሮ ያነቃሉ፣ ቃላቱንም ያበዛሉ። ተረቱ ሲያልቅ፣ «ለምን እንዲህ ሆነ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብለን እንጠይቀው። ከዚያም የእሑዱን ወንጌል ታሪክ ልጆቹ በየተራ ይተርኩ፤ ቀኑም በጸሎት ይዘጋ።

4. ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

አንደኛ፣ በአጨዳና በውቂያ ሰሞን ትምህርቱ ያጥር እንጂ አይቋረጥ፤ አምስት ደቂቃም ቢሆን ልማዱን ትጠብቃለች። ሁለተኛ፣ ንባብን ከዱላ ጋር አናገናኝ፤ የሚፈራ ልጅ ያወቀውንም ይረሳል።

ሦስተኛ፣ የሴት ልጆች ነገር ያሳስበናል። ውሃ፣ እንጨትና የወጥ ቤት ሥራ የእርሷን ሩብ ሰዓት ቀድመው ይወስዱባታል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋም፣ «ከቤት ከዋለች ለምን አንድራትም?» የሚል ሐሳብ ይነሣል። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል፤ ክርስቲያናዊ ኅሊናም ገና ያልበሰለችን ልጅ ለትዳር ማቻኮልን አይቀበልም። በየማለዳው መጽሐፍ ገልጣ የምትቀመጥ ልጅ በቤተሰቧ ዘንድ ገና ተማሪ መሆኗ አይረሳም። ስለዚህ ለወንዱ የተሰጠችው ሩብ ሰዓት ለእርሷም ሳትጎድል ትሰጥ።

አራተኛ፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ የእናንተ ድርሻ በየቤቱ አዲስ ትምህርት መጀመር አይደለም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እያንዳንዱን ልጅ ጥቂት መስመር አስነብቡት፤ ሰው እንደሚያዳምጠው ካወቀ ሳምንቱን ሙሉ ይተጋል። ተላላፊ ሕመም ባለበት ጊዜ ይህን በደጅ፣ ተራርቃችሁ አድርጉት፤ መንገድ በሚያስፈራበት ጊዜ ግን ልጆችን ከመንደራቸው አታውጡ፤ በጎረቤት ያለ አንድ የተማረ ወጣት ይስማቸው። መጽሐፍ ያለው ቤት ለሌለው በተራ ያውስ፤ በዚህም የሃይማኖት ልዩነት አይግባ፤ የጎረቤት ልጅም ልጃችን ነውና።

በመጨረሻም የቤት ትምህርት ትምህርት ቤትን አይተካም፤ መምህርንም አያስቀርም። ዓላማው ልጁ በሩ በተከፈተ ዕለት ያነብ የነበረውን ይዞ እንዲመለስ ነው። በሩ ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን እንላካቸው።

ለቡድን ውይይት

ሀ. በቤታችን ለልጆች ንባብ የሚመቸው ሰዓት የትኛው ነው? ከነገ ጀምሮ ማን ያዳምጣል?

ለ. በቁምስናችን ማንበብ ሳይችሉ ክፍል ያለፉ ልጆች እነማን ናቸው? ሳያፍሩ እንዴት ልንረዳቸው እንችላለን?

ሐ. ትምህርት በመቋረጡ ለጋብቻ የታሰበች ልጅ እንዳለች ብንሰማ ማን፣ መቼ፣ ከወላጆቿ ጋር ይነጋገራል?

በናዝሬት ቤት በጥበብና በቁመት ያደገው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ቤቶቻችንን ይባርክ። አሜን።