ለማላውቀው ሰው ስለ ሥራ እንዴት ልጻፍ?

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። በሊንክድኢን ለባንክ ባለሙያዎች «ሥራ ካለ ይንገሩኝ» ብዬ ብጽፍም የሚመልስልኝ የለም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ብዙ ባለሙያ የመቅጠር ሥልጣን ስለሌለው «ሥራ ካለ» ሲባል ምን ብሎ እንደሚመልስ ይቸገራል። ልምዱን ማካፈል ግን አይከብደውም። ስለዚህ በመጀመሪያው መልእክት ሥራ ሳይሆን ምክር ይጠይቁ። ማን እንደሆኑና ለምን ለእሱ እንደጻፉ ገልጸው አንድ ግልጽ ጥያቄ ያቅርቡ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። ከቅርንጫፍ ሥራ ወደ ብድር ትንተና መሸጋገርዎን ከገጽዎ አየሁ። ለዚህ ሥራ በቅድሚያ የትኛውን ችሎታ ባዳብር ይመክሩኛል?»

ሲቪዎን ሲጠየቁ ይላኩ። መልስ ከዘገየ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ በትሕትና ያስታውሱ።

ከቅርብ ወዳጅ ዘመድም አልፈው ይፈልጉ። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ አዲስ የሥራ መረጃ በአብዛኛው የሚገኘው አልፎ አልፎ ከምናገኛቸው ሰዎች ነው፤ የቅርቦቻችን የሚያውቁት እኛም የምናውቀውን ነውና። ስለዚህ ከእርስዎ ቀድመው ለተመረቁ ተማሪዎችና በተግባር ልምምድ ወቅት ላሠራዎት ኃላፊ ይጻፉ።

ያገኙትን ምክር ሲተገብሩ ውጤቱን ለመከረዎት ሰው ነግረው ያመስግኑ። ትውውቁ የሚጸናው፣ ክፍት ቦታ ሲገኝም ስምዎ የሚታወሰው በዚህ ነው።