ትምህርት፦ ከጌራሲም ምን እንማራለን?



ብዙዎቻችን ለቤት ሥራ ብለን መጥተን አልጋ ላይ የዋለ ሰው አስታማሚ ሆነናል። ያሠለጠነን የለም። ዛሬ እንደኛው የቤት አገልጋይ ከሆነ ልጅ እንማር። ልጁ ያለው የሩሲያው ደራሲ ሊዮ ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1886 ባወጣው «የኢቫን ኢሊች ሞት» በተባለው አጭር ልቦለድ ውስጥ ነው።

ኢቫን ኢሊች የተከበረ ዳኛ ነው። አዲስ ቤቱን ሲያሳምር መሰላል ላይ አዳልጦት ጎኑን ይመታል። ቆይቶ ሕመሙ እየባሰ አልጋ ላይ ያውለዋል። ሐኪሞቹም ቤተሰቡም እየሞተ እንዳልሆነ ሁሉ ያስመስላሉ። እውነተኛ ሆኖ የሚያስታምመው ጌራሲም የሚባል የገጠር ልጅ ነው።

1ኛ. ክብሩን ጠበቀለት። ጌራሲም የበሽተኛውን ሰገራ ያወጣል። ኢቫን ኢሊች በዚህ ያፍራል፤ ልጁ ግን ፊቱን ሳያጠቁር ቀለል አድርጎ ሠርቶ ይወጣል። እኛም ፓምፐርስ ስንቀይር በር እንዝጋ፣ ገላዋን እንሸፍን፣ ከመንካታችን በፊት «ማማ፣ አሁን ላዞርሽ ነው» እንበል። ከእኛ ይልቅ የምታፍረው እሷ ናት።

2ኛ. የሚሻለውን ከራሱ ሰማ። ኢቫን ኢሊች እግሩ ከፍ ሲል ሕመሙ ይቀልለታል። ጌራሲም እግሩን ትከሻው ላይ አድርጎ አብሮት ያመሻል። ይህ ለሁሉም በሽተኛ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ሐኪም ይጠየቅ። ትምህርቱ «የቱ ጋ ያምሻል? እንዴት ብትተኚ ይሻልሻል?» ብሎ መጠየቁ ነው።

3ኛ. አልዋሸም። ሁላችንም ሟች ነን፣ ታዲያ ትንሽ ብደክምለት ምን አለበት የሚል ልጅ ነው። ማማ «እሞታለሁ ወይ?» ብላ ብትጠይቀንስ? የምርመራውን ውጤት መናገር የሐኪሙና የቤተሰቡ ነው። ግን «ምንም የለብሽም» ብለን አንሸንግላት። «ፈራሽ እንዴ? እዚሁ ነኝ» ብለን እጇን እንያዝ።

አንድ ነገር እንዳንረሳ። በዚያ ቤት ሌላም አገልጋይ ነበረ፤ እኛ ግን ብዙዎቻችን ብቻችንን ነን። ሌሊቱን ስንነሣ አድረን ቀኑን ሙሉ ማጽዳትና ማብሰል አይቻልም። የእንቅልፍ ሰዓት መጠየቅ ፍቅር ማጣት አይደለም። ከባድ ሰው ብቻችንን አናንሣ፤ የተሰበረ ወገብ ማንንም አያስታምም።

ለውይይት፦
ሀ. የምታስታምሙት ሰው በምን ያፍራል? እንዴት ትሸፍኑለታላችሁ?
ለ. እረፍት ስትጠይቁ ምን ብላችሁ ብትጀምሩ ይሰማችኋል?

ጌታ የደከመ እጃችንን ያበርታ። አሜን።